ዝናብ የማያስገባ ባለስፒከር የጎን ሻንጣ ክዳን፦ ከመምረጥ እስከ መግጠም

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ በቨርጂኒያ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ስጓዝ ዶፍ ዝናብ ያዘኝ። በማይል 51 ላይ በሚገኘው የቢግ ሜዶውስ የጎብኚዎች ማዕከል ሞተር ሳይክሌን አቁሜ አንድ ሰዓት ያህል ተጠለልኩ። ሲያባራ የቀኙን ሻንጣ ከፈትኩ። እናቴ ለሸማኔ አሠርታ የላከችልኝ ጋቢ ከታች ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ጥጉ ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል፤ ጥለቱም ቀለሙን ለነጩ አካፍሎታል። የግራውን ስከፍት ግን አንዲት ጠብታ አልገባበትም። ስፒከር የሚገጠምባቸው ሁለቱ ክዳኖች የተገዙት ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ነው፤ ሻጩም ሁለቱንም «ውኃ አያስገቡም» ብሎ ነው የሸጠልኝ።

አንዱ ደርቆ ሌላው ለምን ረጠበ? መልሱን ለማግኘት ብዙ ቅዳሜዎች ፈጅተውብኛል። ያገኘሁትን ሁሉ እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ ማንም ሰው ለሁለት ክዳን ብዙ ገንዘብ ከፍሎ እርጥብ ልብስ እንዲያወጣ አልፈልግም።

በዚህ ገበያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዋት እና ስለ ስፒከሩ ስም ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን አስቀድሞ ስለ ክዳኑ ነው። ምክንያቱም የጎን ሻንጣው የስፒከሩ ሳጥን ነው። የስፒከሩ ሸራ (እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ወደ ላይ ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ከኋላው ያለውን ደግሞ ያሳሳል። ከኋላ ያለው አየር በስንጥቅ አምልጦ ከፊተኛው ጋር ከተገናኘ ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚያስገባው ቀዳዳ አየር የሚያስወጣው ያው ቀዳዳ ነው። ዝናብ የማይበግረው ሻንጣ ከበሮውንም በሙሉ ድምፁ ያሰማል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

1. የሞተሩን ዓመትና ሞዴል ይወቁ

የማተኩረው በሃርሊ ዴቪድሰን የረጅም ጉዞ ሞተሮች ላይ ነው፦ ሮድ ኪንግ፣ ስትሪት ግላይድ፣ ሮድ ግላይድ፣ ኤሌክትራ ግላይድ። በአሜሪካ ባለስፒከር ክዳን በብዛት የሚሠራው ለእነሱ ስለሆነ ነው። የሌላ ፋብሪካ ሞተር ያለው ሰውም ከሁለተኛው ደረጃ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠቅመዋል። ዓመቶቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትልቁ ድንበር 2014 ነው። ከ1993 እስከ 2013 የተሠሩት ሻንጣዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ደግሞ ሌላ። በ2014 ሻንጣው፣ ክዳኑና መቆለፊያው ተቀይረዋል፤ ከኮርቻው ሳይወርዱ በአንድ እጅ የሚከፈተው መያዣ የመጣው ያኔ ነው። የ2012 ክዳን በ2016 ሻንጣ ላይ አይቀመጥም፤ ተገፍቶ ቢቀመጥ እንኳ አይገጥምም። ከ2024 ወዲህ መልካቸው የታደሰው ስትሪት ግላይድና ሮድ ግላይድ ላይ ደግሞ «ለ2014 እና ከዚያ በላይ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አምነው አይግዙ። ሻጩ የሞተሩን ዓመትና የሞዴል ፊደላት ጠቅሶ እንደሚገጥም በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።

ያገለገለ ሞተር ከገዙ ሻንጣው ከሞተሩ ጋር የመጣ መሆኑን አጣሩ። የቀድሞው ባለቤት በረዘመና ወደ ታች በወረደ ሻንጣ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ከማዘዝዎ በፊት የሻንጣውን አፍ ርዝመትና ስፋት በሜትር ለክተው ይያዙ፤ ማጠፊያው፣ መቆለፊያውና ክዳኑን ይዞ የሚያስቀረው ማሰሪያ ከአዲሱ ክዳን ጋር የሚመጡ መሆናቸውን፣ ወይስ ከአሮጌው መነቀል እንዳለባቸው ይጠይቁ። ብዙዎቹ ባዶ ክዳን ነው የሚልኩት።

2. ክዳኑን እንደ ክዳን ይመርምሩት

ሁለት ዓይነት ሥራ ገበያ ላይ አለ። አንደኛው በማሽን ተጨምቆ የሚወጣ ኤቢኤስ ፕላስቲክ ነው። ልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው አይለዋወጥም፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚለበጥ ፋይበርግላስ ነው። በጥሩ እጅ የተሠራው ጠንካራና የማይርገበገብ ነው፤ በችኮላ የተሠራው ግን ጠርዙ ማዕበል የመታው ይመስላል። ሁለቱም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ዛሬ ላይ የተጨመቀውን ኤቢኤስ እመርጣለሁ፤ ለውኃ ወሳኙ የጠርዙ ቀጥታነት ነው ብዬ ስለማምን።

የክዳኑን ጠርዝ በመስተዋት ወይም በለሰለሰ የጠረጴዛ ድንጋይ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት፤ ዙሪያው ተጠማዝዞ የተሠራ ካልሆነ በስተቀር ሁሉም ጎን መንካት አለበት። አንድ ጥግ ብድግ ካለ ጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በሻንጣው አፍ መካከል ያለው የጎማ ማሸጊያ) ያንን ክፍተት እስከ ዘለዓለም ሊሞላው አይችልም። ከዚያ በጣትዎ አንጓ የክዳኑን መካከል ያንኳኩት። ጥቅጥቅ ያለ አጭር ድምፅ ጥሩ ነው፤ እንደ ቆርቆሮ የሚያስተጋባ ከሆነ ስስ ነው፤ ስፒከሩ ሲመታ አብሮ ይርገበገባል፤ ርግብግብታው ደግሞ ቀስ በቀስ ቡሎኖቹን ያላላል፤ ውኃም በላላው ይገባል።

ቀለም ያልተቀባ ክዳን ከገዙ ሳይቀቡ አይንዱበት። ያልተቀባ ኤቢኤስ የፀሐይ ጨረር ያደርቀዋል፤ ከርሞ ይሰነጠቃል። ቀለም ቀቢው የስፒከሩን መቀመጫና የጠርዙን ውስጠኛ ጎን በወፍራም ቀለም እንዳይሞላው አስቀድመው ይንገሩት፤ ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ቦይ ቀለም ከጠገበ ክዳኑ አይዘጋም።

አሁን ወደ ጓርኒሲዮኑ። በአዲስ አበባ ጋራዦች ይህን ስም የማያውቅ ልጅ የለም፤ እዚህ አሜሪካ ያሉ ሻጮች ግን ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ፀሐይን፣ ቅዝቃዜንና ውኃን በደንብ ይቋቋማል፤ ቤንዚንና ዘይት ግን ያሳብጡታል። ስፖንጅ መሳይ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ መሆን አለባቸው። ለማወቅ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ውኃ ውስጥ ይጭመቁትና ይልቀቁት፤ ከዚያ አውጥተው እንደገና ይጭመቁት። ውኃ ከተፋ እንደ እቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይጠጣል ማለት ነው፤ አይግዙት።

መገጣጠሚያውንም ይዩ። ጓርኒሲዮኑ ክብ ሆኖ ሲመለስ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ሲቆም ከፍ በሚለው ጎን መሆን አለበት፤ ለቀኙ ክዳን ይህ የውጭው ጎን ነው። የእኔው ቀኝ ክዳን መገጣጠሚያው ዝቅ ባለው ጥግ ላይ ነበር።

3. ሞተሩ ቆሞ ሲያዘነብል ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ የጋቢው ምስጢር ያለው እዚህ ነው።

ሞተሩ በጎን ማቆሚያው ሲቆም ወደ ግራ ያዘነብላል። የግራው ክዳን ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል፤ ላዩ ላይ የወደቀው ዝናብ በውጭው ጠርዝ ተንሸራቶ መሬት ላይ ይወርዳል። የቀኙ ክዳን ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ መቀመጫው ነው የሚያዘቀዝቀው። ስፒከሩ ጎድጎድ ባለ ሳህን ውስጥ ከተቀመጠ ውኃው በሳህኑ ውስጠኛ ጎን ይጠራቀማል። የእኔ ክዳኖች ሁለቱም የውኃ መውጫ ጎድጓዳቸው በውጭው ጠርዝ በኩል ነበር፤ ለግራው ትክክል ነው፤ ለቀኙ ግን መውጫው ከፍ ያለው ጎን ላይ ቀረ። አንድ ሰዓት ሙሉ የተጠራቀመው ውኃ በስፒከሩ ቡሎኖች ዙሪያ ተሻግሮ፣ በጓርኒሲዮኑ መገጣጠሚያ ገብቶ፣ ጋቢው ላይ ወረደ። እየነዱ ከሚመታ ዝናብ ይልቅ ቆሞ የሚያጠራቅመው ውኃ ይብሳል።

ሱቅ ውስጥ ሲሆኑ የቀኙን ክዳን በእጅዎ ይያዙት፤ ውስጠኛው ጎኑ በትንሹ ዝቅ እንዲል አዘንብለው ግማሽ ብርጭቆ ውኃ በስፒከሩ ሳህን ላይ ያፍስሱበት። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ። ውኃው ወዴት ይሄዳል? ተጠራቅሞ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም መውጫው ወደ ሻንጣው ውስጥ የሚያመራ ከሆነ፣ ያንን ክዳን ለባለቤቱ ይተዉለት። ጥሩ ክዳን ውኃውን ከጓርኒሲዮኑ ውጭ ወዳለው ጠርዝ ይመራዋል፤ መቼም ወደ ውስጥ አያሳልፈውም። ከሁሉም የተሻለው ደግሞ ስፒከሩ ከክዳኑ ወለል ከፍ ባለ ጉብታ ላይ የሚቀመጥበት ነው፤ ውኃ የሚጠራቀምበት ሳህን ጨርሶ የለውም።

4. የስፒከሩን የውኃ ደረጃ ማንበብ

ሳጥኑ ላይ «አይፒ» ከሚሉት ፊደላት ጎን ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። መለኪያው ዓለም አቀፍ ነው፤ ቁጥሩም 60529 ይባላል። የመጀመሪያው አሃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን ይመለከታል። በመጀመሪያው 6 ማለት አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ነው፤ ያልተለካ ከሆነ በቦታው ኤክስ ይጻፋል።

ለውኃው 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭን ይችላል። 5 ስፋቱ 6.3 ሚሊ ሜትር በሆነ አፍ በደቂቃ 12.5 ሊትር የሚወጣ የውኃ ጨረር ይችላል። 6 ደግሞ በ12.5 ሚሊ ሜትር አፍ በደቂቃ 100 ሊትር። 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ለ30 ደቂቃ መስጠምን ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ 7 ከ5 ይበልጣል ብሎ ያስባል። ሁለቱ የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ዝም ያለ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ በኃይል የሚመጣን ጨረር ይችላል ማለት አይደለም። ለሞተር የጎን ሻንጣ የምፈልገው 65 ወይም 66 ነው። በሳጥኑ ላይ 7 ብቻ ከተጻፈ የ5ም ፈተና ማለፉን ይጠይቁ።

ያ ቁጥር ለስፒከሩ ብቻ የተሰጠ መሆኑን አይዘንጉ። ስፒከሩ 66 ቢሆንም ክዳኑ ያንን ቁጥር አያገኝም። በፋብሪካ ሲፈተን የስፒከሩ ፊት ነው የሚረጠበው፤ ስፒከሩ ከክዳኑ ጋር የሚገናኝበት ክብ፣ ቡሎኖቹና ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ የእርስዎ ሥራ ናቸው።

ለሸራው ፖሊፕሮፒሊን ጥሩ ነው፤ ሽፋን የሌለው ወረቀት እርጥበት ያበላሸዋል። በሸራው ዙሪያ ያለው ቀለበት ጎማ ይሁን፤ ስፖንጅ ከሆነ በፀሐይና በእርጥበት ይበሰብሳል። ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጓዙ ከሆነ በጨው ርጭት የተፈተነ ይፈልጉ፤ ለጀልባ ተብለው የሚሠሩ ስፒከሮች ብዙዎቹ ይህንን ያልፋሉ።

5. መጠንና ቦታ

ለክዳን የሚሠሩ ስፒከሮች በብዛት 5 በ7፣ 6 በ9 እና ክብ 6.5 ወይም 8 ኢንች ናቸው። ትልቅ ስፒከር ብዙ አየር ይገፋል፤ ብዙ ቦታም ይበላል። ከክዳኑ በታች የሚወርደውን የማግኔት ጥልቀት ይለኩ። ሁልጊዜ የሚይዙትን ዕቃ፣ የዝናብ ልብስዎን ይሁን ላፕቶፕዎን፣ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጠው ከላዩ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቀረ ይዩ። ከማግኔቱ ኋላ የላስቲክ መከለያ ከሌለ ለስላሳ ልብስ ተጠግቶ አየሩን ይዘጋዋል፤ ሹል ዕቃ ደግሞ ሸራውን ይበሳዋል።

ኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ስፒከር የተለመደው የፌራይት ማግኔት ካለው በጣም ይቀላል። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን የክዳኑ ማጠፊያና ማሰሪያ የሚሸከሙት ክብደት ነውና ተገቢ ነው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ እያንዳንዱ ሻንጣ ስንት ክብደት እንደሚይዝ ይገልጻል፤ የስፒከሩና የአምፕሊፋየሩ (የድምፅ ማጉያ መሣሪያው) ክብደት ከዚያ ይቀነሳል።

ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ካለዎት ሰውየውን አስቀምጠው ክዳኑን ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ከፍ ያለ ጉብታ ከኋላ ተሳፋሪ ጉልበትና ከቱር ፓክ፣ ማለትም ከላይኛው ትልቁ ሻንጣ፣ ጋር እንዳይጋጭ። ሚስቴ «እግሬን የት ላድርገው?» ስትለኝ ነው ይህን የተማርኩት፤ የመጀመሪያው ያዘዝኩት ባለ 8 ኢንች ክዳን ተመልሶ ሄደ።

6. የኤሌክትሪኩ ስሌት

ለሃርሊ ተብለው ከሚሠሩ ስፒከሮች ብዙዎቹ 2 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ናቸው፤ ከመኪና ገበያ የሚመጡት ደግሞ በብዛት 4 ኦም። ቮልቴጁ ሳይቀየር ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩ የሚስበው ጅረትም እንዲሁ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ 2 ኦም እንደሚችል በጽሑፍ ካላረጋገጡ አያገናኙ፤ ይሞቃል፤ ይቃጠላል።

ዋት ሲያነጻጽሩ የሚቆጠረው አርኤምኤስ የተባለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል፣ ብቻ ነው። «ከፍተኛ ኃይል» እየተባለ በትልቅ ፊደል የሚጻፈውን አይመልከቱት። 400 ዋት አርኤምኤስ አምፕሊፋየር ብቃቱ 80 ከመቶ ቢሆን ሙሉ ኃይሉ ላይ ከ13.5 ቮልት ባትሪ 37 አምፒር ያህል ይስባል። ሙዚቃ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ላይ አይደለም፤ አማካዩ ከዚያ በጣም ያንሳል። ግን ሞተሩ ለመብራቱና ለነዳጅ መርጫው የራሱ ድርሻ አለው። የረጅም ጉዞ ሃርሊ ባትሪ 28 አምፒር ሰዓት ነው። ሞተሩን አጥፍተው አማካይ 10 አምፒር የሚስብ ሙዚቃ ለአንድ ሰዓት ቢከፍቱ ከሲሶው በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ጉልበት ሊያንስ ይችላል።

ፊዩዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ቢላጥ ከፊዩዙ በፊት ያለው ክፍል ያለ መከላከያ ነውና። ከ2014 ወዲህ ባሉት ሞተሮች ደግሞ የፋብሪካው ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ሲል ወፍራሙን ድምፅ ራሱ ይቀንሳል። አዲስ ስፒከር ገጥመው «ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች ያጋጠማቸው ይህ ነው። በሻጩ ወኪል ሶፍትዌሩን ማስተካከል ወይም ድምፁን የሚያስተካክል ትንሽ ዲጂታል መሣሪያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ወጪውን አስቀድመው ከሒሳቡ ያስገቡት።

7. ስፒከሩን ከመግጠምዎ በፊት ክዳኑን ይፈትኑ

ባዶውን ክዳን ሻንጣው ላይ ይግጠሙት፤ የስፒከሩን ቀዳዳ በወፍራም ላስቲክና በፕላስተር ይሸፍኑት። አሁን ሦስት ፈተናዎች አሉ።

አንድ ዶላር ኖት በጓርኒሲዮኑና በሻንጣው አፍ መካከል አድርገው ክዳኑን ይዝጉ፤ ቀስ ብለው ይጎትቱት። በሁሉም ጎን እኩል መያዝ አለበት። በአንድ ቦታ ሰተት ብሎ ከወጣ እዚያ ክፍተት አለ። ዙሪያውን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይድገሙት፤ ጥጎቹን አይለፏቸው።

ቀጥሎ ነጭ ጠመኔ የሻንጣውን አፍ ዙሪያ ይቀቡና ክዳኑን ዘግተው ይክፈቱት። ጓርኒሲዮኑ ላይ ያልተቋረጠ ነጭ መስመር መታየት አለበት። የእኔው ቀኝ ክዳን ላይ መስመሩ በመገጣጠሚያው ጥግ ሁለት ጣት ያህል ተቋርጦ ነበር።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ሻንጣው ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈው ሞተሩን በጎን ማቆሚያው ያቁሙት፤ በአትክልት ውኃ ማጠጫ ቱቦ ለ10 ደቂቃ ከላይና ከጎን ያርጥቡት። ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ አይጠቀሙ፤ ምንም ጥሩ ጓርኒሲዮን ያንን እንዲችል አልተሠራም። ጋዜጣው የረጠበበት ቦታ ውኃው የገባበትን ቀዳዳ ይጠቁማል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ላዩን በጨርቅ ማድረቅ አይርሱ፤ አለበለዚያ ሲከፍቱ የሚንጠባጠበው ያሳስትዎታል።

8. መግጠም

ስፒከሩን ቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ አያስቀምጡት። ከሥሩ የማይደርቅ ቡቲል ማሸጊያ ወይም የተዘጋ ስፖንጅ ጓርኒሲዮን ያድርጉ። ሲሊኮን ከተጠቀሙ ኮምጣጤ የሚሸተውን አይደለም፤ እሱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳብና ብረት ያዝጋል።

ቡሎኖቹ የማይዝግ ብረት ይሁኑ። በእያንዳንዱ ሥር የጎማ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ከታች ናይለን ያለው ዳዶ ያድርጉ፤ ርግብግብታ አያላላውምና። በካቻቢቴ በእጅ ብቻ፣ በመስቀል አቅጣጫ፣ በጥቂቱ በጥቂቱ ያጥብቁ። በትራፓኖ ያጠበቀ ሰው ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

የጎን ሻንጣው ለጎማ ወይም ለጥገና የሚነቀል መሆኑን አይርሱ፤ ከውስጥ ሁለት መያዣዎች ዞረው ይለቃሉ። ሽቦው ስፒና ከሌለው ሻንጣውን ባነሱ ቁጥር ሽቦ እየቆረጡ ነው። ጎማ ያለውና ውኃ የማያስገባ ስፒና ይግዙ። ሽቦው ከሻንጣው የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ያድርጉ፤ ሽቦው ከቀዳዳው እንደወጣ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ቀለበት ሠርቶ ይመለስ። ውኃ ሽቦ ተከትሎ ይወርዳል፤ ከታች ባለው ጎንበስታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይወጣም።

ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እንዳይቀያየሩ ስፒከሩን በ1.5 ቮልት ባትሪ ይንኩት፤ ሸራው ወደ ውጭ ብቅ ካለ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለበት ጫፍ ትክክለኛው ነው። የግራና የቀኝ ስፒከር ከተቃረኑ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ስፒከሩ ላይ ያላክካል።

9. የእጣን ጭስ ፈተና

ይህ የሚከናወነው ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ከነዳጅ ርቆ፣ በንፋስ በሌለበት ቦታ ነው። በስልክዎ ከ40 እስከ 60 ኸርዝ ያለ የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ከፍተው ያስተላልፉ፤ ድምፁን መጠነኛ ያድርጉት። አንዲት ፍም ላይ ትንሽ እጣን አድርገው ጭሱን በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩት። አየር የሚያመልጥበት ቦታ ጭሱ እንደ ልብ ምት ይንቀጠቀጣል፤ የተዘጋው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዝናብ ሳይጠብቁ የት እንደሚገባ ያገኙታል። የቀኙን ክዳን ጓርኒሲዮን አውጥቼ መገጣጠሚያውን ወደ ውጭ ካዞርኩት በኋላ፣ ለሳህኑም በውስጠኛው ጎን አዲስ መውጫ ከሠራሁለት በኋላ ጭሱ ቀጥ አለ። በዚያው ቀን ከበሮው ከቀደመው ይበልጥ ወፍሮ ሰማሁት። ማሲንቆው አስቀድሞም ጥሩ ነበር፤ ከበሮው ግን የጎደለው እንደነበር ያወቅኩት ሲሞላ ነው። ለመፈተሻ ሙዚቃ ሲመርጡ ከበሮና ክራር ያለበትን ይምረጡ፤ ከበሮው ስለ ሻንጣው፣ ክራሩ ስለ ስፒከሩ ይነግርዎታል።

ድምፁን ሲያስተካክሉ ጆሮዎን ይጠብቁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ የንፋሱ ጩኸት ብቻውን ከባድ ነው፤ ሙዚቃው ከዚያ ከበለጠ የአምቡላንስ ድምፅም አይሰማም። ብዙ ዋት ከመግዛት የተሻለ የንፋስ መከላከያ መስተዋት መግጠም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

በየወቅቱ ለውጥ ጓርኒሲዮኑን በንጹሕ ውኃ አጥበው በሲሊኮን ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ቤንዚን ወይም ግሪስ አያስነኩት። ቡሎኖቹን ከመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ በካቻቢቴ ይንኳቸው። ከመጀመሪያው እውነተኛ ዝናብ በኋላ ደግሞ ሞተሩን በጎን ማቆሚያው እንዳለ የቀኙን ሻንጣ ይክፈቱና እጅዎን ወደ መቀመጫው ባለው የታችኛው ጥግ ያስገቡ።